ጠባሳ በጂን ብቻ አይወሰንም፦ «ቆዳ የሚታዘዘው ከውስጥ ነው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ቆዳ የሚታዘዘው ከውስጥ ነው» የሚል ጽሑፍ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እኔም ጋ ደርሷል። አንዷ ጓደኛዬ «ሥራሽን ገደል ከተተው እኮ» የሚል ነገር ጨምራበት ነው የላከችልኝ። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምውለው ከቃጠሎና ከቀዶ ሕክምና ያገገሙ ሰዎች እጃቸውን፣ አንገታቸውን፣ ጉልበታቸውን መልሰው ማንቀሳቀስ እንዲችሉ በመርዳት ነው። ስለዚህ ነገሩ ይመለከተኛል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ጸሐፊው እንደሚሉት የቆዳ ሴል ምን እንደሚሠራ የሚወስነው በውስጡ ያለው ጂን ነው። ዙሪያውን ያለው ሥጋ ማሸጊያ ነው። ቢለሰልስም ቢጠነክርም፣ ቢወጠርም ቢላላም ለሴሉ ምኑም አይደለም። ተቃራኒውን የሚያሳዩት ሙከራዎች የላብራቶሪ ሳህን ውስጥ የተሠሩ ናቸው። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስሉ ድንበር አልፎ የሚያድግ ያበጠ ጠባሳ፣ የዘር ነው፣ አለቀ። ቆዳ ሲለጠጥ ይሳሳል እንጂ አያድግም። እርጅናም የሴል ድካም ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ መደምደሚያው ይመጣል፦ ለጠባሳ ፕላስተር መለጠፍ፣ ጠባብ ልብስ መልበስ፣ ስፕሊንት (መገጣጠሚያን አቃንቶ የሚይዝ ድጋፍ) ማሰር ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል። ጸሐፊው ስለ ጂን በደንብ የሚያውቁ ሰው መሆናቸውም ያስታውቃል። ልክ የሆኑበትንም ቦታው ላይ ስደርስ እናገራለሁ። መደምደሚያው ግን አልተዋጠልኝም። በቅደም ተከተል ልሂድ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ሴል በምን ያውቃል?»

ጸሐፊው «ሴል ዐይን የለው፣ ነርቭ የለው፤ የተቀመጠበትን ነገር ልስላሴ በምን ያውቃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ አንድ ቃል ነው፦ በመጎተት።

ከቆዳችን የላይኛው ሽፋን ሥር ወፈር ያለ ሌላ ሽፋን አለ። እዚያ ውስጥ ፋይብሮብላስት የሚባሉ ሴሎች ይኖራሉ። ኮላጅን የሚባለውን ጠንካራ የፕሮቲን ክር የሚያመርቱት እነሱ ናቸው። በ1980 አልበርት ሃሪስና ባልደረቦቹ ፋይብሮብላስቶችን በጣም ስስ በሆነ የሲሊኮን ሽፋን ላይ አስቀመጡ። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ሽፋኑ ከየሴሉ ሥር ተጨማዷል። ሴሉ ዝም ብሎ አልተቀመጠም ማለት ነው። የቆመበትን ጨብጦ ወደ ራሱ ይስባል።

የሚጨብጥበት ኢንቴግሪን የሚባል ፕሮቲን አለው። የሚስብበት ደግሞ አክቲንና ማዮሲን፣ ጡንቻችንን የሚያኮማትሩት ዓይነት ፕሮቲኖች ናቸው። የጨበጠው ነገር ለስላሳ ከሆነ አብሮት ይመጣል። ግትር ከሆነ እምቢ ይለዋል። በመሀል ታሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ጉተታው ሲበረታ የታጠፈው አካሉ ይዘረጋል፣ ሌሎች ፕሮቲኖች የሚያርፉበት ቦታም ይከፈታል። መልእክቱ በዚህ ዓይነት ቅብብል ወደ ውስጥ ይገባል። በ2011 ጣሊያን ፓዶቫ ውስጥ ያለው የስቴፋኖ ፒኮሎ ቡድን የቅብብሉን መጨረሻ አሳየ። ያፕ እና ታዝ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ሴሉ ግትር ነገር ላይ ሲዘረጋ ጂኖቹ የሚቀመጡበት ኒውክሊየስ ውስጥ ገብተው ጂኖችን ያበራሉ። ለስላሳ ነገር ላይ ሲሆን ከኒውክሊየስ ውጭ ይቀራሉ።

ልብ በሉ፣ ይህ ጂንን አይክድም። ጂኑ ቦታው ላይ ነው። የትኛው ይብራ፣ የትኛው ይጥፋ በሚለው ላይ ግን የውጭው ጉተታ እጁን ያስገባል። ጸሐፊው «ጂን ወይስ አካባቢ» ብለው በሁለት ጎራ ያቆሙት ነገር አንድ መንገድ ነው። ከውጭ ተነስቶ ጂኑ ጋ ይደርሳል።

የላይኛው ሽፋን ሴሎችም፣ ኬራቲኖሳይት የሚባሉት፣ እንዲሁ ናቸው። በ1988 ፊዮና ዋትና ባልደረቦቿ የሰው ኬራቲኖሳይቶችን የተለያየ ስፋት ባላቸው እጅግ ጥቃቅን ቦታዎች ላይ አስቀመጡ። ጠባቧ ቦታ ላይ ያረፈው ሴል መዘርጋት ስላልቻለ ተድቦለቦለ። ከዚያ መባዛቱን ትቶ ወደ መብሰል አዘነበለ፤ ወደ ላይ ወጥቶ በመጨረሻ የሚረግፈው ዓይነት ሴል መሆን ጀመረ። ሰፊው ላይ ያረፈው ግን ለመባዛት ዝግጁ ሆኖ ቆየ። ጂኑ ያው ነው። ምግቡም ያው ነው።

«የሳህን ጨዋታ»

«ይህ ሁሉ ሳህን ውስጥ ነው» ለሚለው ግማሽ እውነት አላቸው። ችግሩ ክርክሩ ወደ ራሳቸው መዞሩ ነው። «ጂን ብቻውን በቂ ነው» ያሰኙን የቆዩ ሙከራዎችም እኮ የተሠሩት ሳህን ላይ ነው፣ ያውም ፕላስቲክ ሳህን ላይ። የፕላስቲክ ግትርነት የሚለካው በጊጋፓስካል ነው። የለስላሳ ሥጋ ግን በኪሎፓስካል። ልዩነቱ ከመቶ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ሴሉን እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ላይ አስቀምጦ «ልስላሴ አይሰማውም» ማለት ውሃ የማያነሳ ክርክር ነው።

ይህን የተረዱ ሰዎች ግትርነቱ የሚመጠን ጄል መጠቀም ጀመሩ። በ1997 ፔልሃምና ዋንግ መንገዱን ከፈቱ። በ2006 አዳም ኢንግለርና ዴኒስ ዲሸር በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ከመቅኒ የተወሰዱ ስቴም ሴሎችን፣ ገና ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉትን፣ በተለያየ ጄል ላይ አሳደጉ። እንደ አንጎል ለስላሳ በሆነው፣ ከ1 ኪሎፓስካል በማይበልጠው ላይ ያደጉት ነርቭ መሰሉ። ወደ 10 ኪሎፓስካል ገደማ ያሉት ጡንቻ መሰሉ። ከ25 እስከ 40 ላይ ያደጉት ወደ አጥንት አዘነበሉ።

ጸሐፊው «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም» ይላሉ። አዎ፣ አልተስማሙም። በ2012 ኬራቲኖሳይትን ጨምሮ የተፈተነበት አንድ ጥናት ወጣ። ወሳኙ የጄሉ ግትርነት ሳይሆን ሴሉ የሚጨብጠው ፕሮቲን ጄሉ ላይ የተሰካበት መንገድ ነው አለ። በ2014 የኢንግለር ቡድን «የለም፣ ግትርነቱ ነው» ብሎ መለሰ። ጸቡ ግን ሴሉ ምኑን ያነባል በሚለው ላይ ነው። ያነባል ወይስ አያነብም የሚል ጭቅጭቅ አልነበረም። ጸሐፊው የመጀመሪያውን ጸብ ወስደው የሁለተኛው ማስረጃ አድርገውታል።

እግረ መንገዴን፣ «የቆዳ ግትርነት ይህን ያህል ነው» ብሎ አንድ ቁጥር የሚወረውር ሰው ካጋጠማችሁ እንዴት እንደተለካ ጠይቁት። በሹል ጫፍ ጫን ብለው ሲለኩት ኪሎፓስካል ቤት ይገኛል። ቆርጠው ሲጎትቱት የኪሎፓስካል ሺህ እጥፍ የሆነው ሜጋፓስካል ይደርሳል። ኮላጅኑ መጀመሪያ ላይ ጥምዝምዝ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ከተወጠረ በኋላ ግን ፍንክች አይልም።

ከሳህን እንውጣ ካልን ደግሞ እንውጣ። በ1975 ራይንዋልድና ሃዋርድ ግሪን የሰው ኬራቲኖሳይትን አባዝቶ ማሳደግ የሚቻልበትን መንገድ አገኙ። በ1984 ቦስተን ውስጥ ሰውነታቸው በሞላ ጎደል የተቃጠለ ሁለት ሕፃናት ወንድማማቾች ከራሳቸው ሴል በተባዛ ቆዳ መትረፋቸው ተዘገበ። ትልቅ ነገር ነበር። ነገር ግን ያ ስስ ሽፋን ወፍራሙ የሥር ሽፋን በሌለበት ቁስል ላይ ሲለጠፍ በቀላሉ ይላጣል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይኮማተራል። በ1986 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች መጀመሪያ ከለጋሽ የተገኘ የሥር ሽፋን አስቀምጠው የተባዛውን ከላይ ሲያደርጉ የተሻለ ያዘላቸው። ሴሉም ጂኑም የታካሚው የራሱ ነበር። የጎደለው ሥሩ ነው። በርግጥ ሥሩ የሚሰጠው መደገፊያ ብቻ አይደለም፣ ኬሚካላዊ መልእክትም ይልካል። «ማሸጊያ» ለሚለው ቃል ግን ይህም ያው መልስ ነው።

«ኬሎይድ የዘር ነው፣ አለቀ»

ዘር አለበት። ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል። ጥቁር ቆዳ ባለን ሰዎች ላይ ይበዛል። በ2010 ጃፓን ውስጥ የተሠራ ሰፊ የዘረ መል ጥናትም ከኬሎይድ ጋር የተያያዙ የክሮሞዞም ቦታዎችን አግኝቷል። በዚህ የሚከራከር የለም። እኔ የተጣላሁት «አለቀ» ከምትለዋ ጋር ነው።

ኬሎይድ የሚያወጣ አንድ ሰው አስቡ። ጂኑ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አንድ ነው። ኬሎይዱ ግን ደረቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ፣ የቢሲጂ ክትባት የተወጋበት ክንዱ ላይ ነው የሚወጣው። ራስ ቅሉ ላይ፣ የላይኛው የዐይን ቆቡ ላይ፣ ቅልጥሙ ላይ እምብዛም አይታይም። ልጅ ሆነን ቅልጥማችን ስንቴ ተልጧል? ጠባሳው አለ፣ ግን ጠፍጣፋ ነው። የደረት ቆዳ በየእስትንፋሱ፣ የትከሻው በየእጅ እንቅስቃሴው ይወጠራል። የዐይን ቆብ ቆዳ ልል ነው።

ቶኪዮ የሚገኘው የኒፖን ሕክምና ትምህርት ቤት ባልደረባ ሬይ ኦጋዋ በዚህ ላይ ብዙ ሠርቷል። ቡድኑ በ2008 በኮምፒውተር ሞዴል የኬሎይድን ዙሪያ አሰላ። ውጥረቱ የሚበረታው ጠርዙ ላይ ሆኖ ተገኘ። ኬሎይዱም ቆዳው ወደሚጎተትበት አቅጣጫ ያድጋል። ደረት ላይ ያለ ኬሎይድ ወደ ግራና ቀኝ ሲሰፋ ያየ ሰው ይህን ለማመን አይቸገርም።

ቆዳ በአቅጣጫ መወጠሩ ራሱ አዲስ ወሬ አይደለም። በ1861 የቪየናው አናቶሚስት ካርል ላንገር የሬሳ ቆዳን ድብልብል ወስፌ ይወጋ ነበር። ቀዳዳው ክብ መሆን ሲገባው ሞላላ ይሆንበታል። ሞላላዎቹን እያያያዘ የሰውነትን የውጥረት መስመሮች ሣለ። ቀዶ ሐኪም ዛሬም ቆዳ ሲቆርጥ የውጥረት መስመር እያየ ነው። ጠባሳው እንዲቀጥን።

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚያነሱት አንድ መልካም ተቃውሞ አለ። «ታዲያ ጆሮስ?» ይላሉ። ጉትቻ የሚንጠለጠልበት የጆሮ ጫፍ ለስላሳና ልል ነው። ኬሎይድ ግን ይወዳታል። እውነት ነው። ጆሮ የተበሳች ልጅ ድቡልቡል ኬሎይድ አውጥታ ማየት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ውጥረት የግድ የኬሎይድ ጀማሪ ነው ማለት አይቻልም። ቁስሉ መቆጣቱ፣ ኢንፌክሽኑ፣ የጉትቻው መነካካት ሁሉ ይገባበታል። ቅርጹን ግን ተመልከቱት። የጆሮው ክብ ነው፣ የደረቱ ወደ ጎን የተዘረጋ ነው። የሚጎትተው አቅጣጫ ከሌለ የሚሄድበት አቅጣጫም የለውም።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ በሳቸው ቦታ ብሆን የማነሳው ሌላ ተቃውሞም አለ። የደረትና የቅልጥም ፋይብሮብላስቶች በጂን አንድ ቢሆኑም በጠባያቸው አንድ አይደሉም። በ2002 በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው ፋይብሮብላስት ከየት የሰውነት ክፍል እንደመጣ ሳህን ውስጥም ገብቶ አይረሳም። ስለዚህ ልዩነቱ የውጥረት ሳይሆን የቦታው ትዝታ ሊሆን ይችላል ብሎ መከራከር ያስኬዳል።

ይህን የሚፈታው ቦታውንና ጂኑን አንድ አድርጎ ውጥረቱን ብቻ መለወጥ ነው። ተደርጓል። የአይጥ ቆዳ ልል ስለሆነ ጠባሳው ቀጭን ነው። በ2007 የስታንፎርዶቹ ጄፍሪ ገርትነርና ማይክል ሎንጌከር ቡድን አይጥ ጀርባ ላይ ቁስል ሠርቶ ቁስሉን በትንሽ መሣሪያ ለቀናት ወጠረው። ጠባሳው እንደ ሰው ወፈረ፣ ለወራትም ቆየ። ያልተወጠረው ቁስል ቀጭን ሆኖ ዳነ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። በ2012 ደግሞ ጉተታውን ከሚያስተላልፉት ፕሮቲኖች አንዱን፣ ፋክ የሚባለውን፣ ከፋይብሮብላስት ላይ አስወገዱ። ቁስሉ ተወጥሮም ጠባሳው ቀነሰ። በ2021 ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ሥራ ከዚህም አለፈ። መልእክቱ ያፕ ጋ እንዳይደርስ ቬርቴፖርፊን በሚባል መድኃኒት ሲታገድ የአይጡ ቁስል ፀጉርና እጢ ያለው ቆዳ ሆኖ ዳነ። የአይጥ ነው፣ እንዳትቸኩሉ። መድኃኒቱን ፍለጋ ፋርማሲ የሚዞር ሰው እንዳይኖር።

በሰውስ? በ2011 ያው ቡድን የሆድ ቆዳ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ጥቂት ሰዎች ስፌት ለሁለት ከፈለው። አንዱን ወገን ከውጥረት የሚያሳርፍ ተለጣፊ መሣሪያ ለጠፈበት፣ ሌላውን በተለመደው መንገድ ተወው። ያረፈው ወገን ጠባሳው የተሻለ ሆነ። አንድ ሰው፣ አንድ ስፌት፣ አንድ ጂን። ከዚያ በፊት በ2005 አውስትራሊያ ውስጥ በቀዶ ሕክምና የወለዱ እናቶች በዕጣ ተመድበው ስፌታቸው ላይ ለ12 ሳምንት ተራ የወረቀት ፕላስተር እንዲለጥፉ ተደርጎ ነበር። ያልለጠፉት ላይ ያበጠ ጠባሳ በዛ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ወደ 70 ሴቶች። ፕላስተሩም ተአምር አይሠራም። ግን «ገንዘብ ማባከን» የተባለው ነገር ዋጋው ስንት እንደሆነ ጎረቤት ካለ ፋርማሲ ጠይቁ።

«ሲለጠጥ ይሳሳል እንጂ አያድግም»

ይህ ቶሎ ያልፍልናል። ቀዶ ሐኪሞች ከቆዳ ሥር ፊኛ ቀብረው ቀስ በቀስ እየነፉ ተጨማሪ ቆዳ ያበቅላሉ። ቻርልስ ኑማን ለጆሮ ጥገና የጎማ ፊኛ መጠቀሙን የዘገበው በ1957 ነው። ጸሐፊው «ያው ያለው ቆዳ ተስቦ ነው» ይላሉ።

ግማሹ ልክ ነው። ወፍራሙ የሥር ሽፋን በፊኛው ላይ ይሳሳል። የላይኛው ግን ይባዛል። በ2020 ብራስልስ የሚገኘው የሴድሪክ ብላንፔን ቡድን አይጥ ቆዳ ሥር የሚያብጥ ጄል አስቀምጦ ሴሎቹን አንድ በአንድ ተከታተለ። ስቴም ሴሎቹ ከወትሮው በላይ ራሳቸውን ተኩ። አዲስ ቆዳ ተሠራ። መልእክቱ የሚሄድባቸውን መንገዶች ሲያግዱ ደግሞ መስፋፋቱ ተስተጓጎለ። መሳሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚታገድ ነገርም አይኖርም ነበር።

የተገላቢጦሹም አለ። በዓሣ ሽል ጭራ ላይ እንደታየው ሴሎች ሲጨናነቁ በሕይወት ያለ ሴል ተገፍቶ ይወጣል። ሲለጠጡ ደግሞ ፒየዞ1 የሚባል በር ይከፈትና ሴሉ ይከፈላል። የፒየዞን በሮች ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሴል ጉተታን አይሰማም የሚል ሰው ይህን ዜና እንዴት እንዳለፈው ይገርመኛል።

«እርጅና የሴል ድካም ነው»

ድካሙ አለ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የቆዳ ተመራማሪዎች ያረጀ ሰው ፋይብሮብላስት ሳህን ውስጥም ቢሆን ከወጣቱ ያነሰ ኮላጅን እንደሚያመርት በ2006 አሳይተዋል። በዚያው ጥናት ግን ሌላም ነገር አለ። ያረጀ ቆዳ ውስጥ ኮላጅኑ ተቆራርጧል። ፋይብሮብላስት በኮላጅን ክሮች መሀል እንደ ድንኳን ነው፤ ገመዱ ከካስማው ሲፈታ ድንኳኑ ይሟሽሻል። የሚጎትተው ያጣ ሴል ኮላጅን ማምረቱን ይቀንሳል፣ ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይጨምራል። ያ ደግሞ ይበልጥ ያላላዋል።

ይኸው ቡድን በ2013 ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ቆዳ ውስጥ ቦታ የሚሞላ ሃያሉሮኒክ አሲድ ወጋ። አካባቢው ሲወጠር የሟሸሹት ፋይብሮብላስቶች ተዘረጉና ኮላጅን ማምረት ጀመሩ። ሴሎቹ ያው ያረጁት ናቸው። የፀጉር ቤት ጓዳ ውስጥ ሂዱና ተወጉ ማለቴ አይደለም፣ በጭራሽ። መርፌው ደም ሥር ውስጥ ከገባ ዐይን ሊያጠፋ ይችላል። ኮላጅኑን ከሚያስቆርጡት ዋናዎቹ ፀሐይና ሲጋራ ናቸው። ባርኔጣ ከሁሉም ይረክሳል።

ስፕሊንት

አሁን ወደሚያስቆጣኝ ደረስን። ጸሐፊው መጨረሻ ላይ እንዲህ ይላሉ፦ «ውጥረት ጠባሳ ያበዛል የሚሉን ሰዎች ራሳቸው የተቃጠለ ሕፃን እጅ ወጥረው ያስራሉ። ወይ ያኛው ውሸት ነው፣ ወይ ይኸኛው ጭካኔ ነው።»

ክርክሩ ብልህ ነው። ሲያነቡት ያፋዝዛል። ስለዚህ አንድ እጅ ላሳያችሁ።

ልጁ የጋለ ምጣድ ላይ መዳፉን አሳርፏል። ቁስሉ ድኗል። ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ መታጠፍ ጀምረዋል። ከቀለበት ጣቱ ሥር ተነስቶ ወደ መዳፉ መሀል የሚወርድ ጠርዝ የመሰለ ጠባሳ አለ። በጣት ሲነኩት ደረቅ ነው፣ ከዙሪያው ቆዳ ጋር አብሮ አይንሸራተትም። ጣቱን ቀስ አድርጌ ሳቃናው ጠርዙ ይነጣል። ደሙ ሸሸ ማለት ነው። እዚያ ላይ እቆማለሁ፣ አልፌ አልጎትትም። እናቱ «ሲስተር፣ ሌሊት ሲያለቅስብኝ ፈታሁለት» ትለኛለች። ሲስተር አይደለሁም፣ ግን ተለምዷል። ስፕሊንቱን ማለቷ ነው። አልፈርድባትም፣ ልጇ ነው።

እዚያ ጠርዝ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? በ1971 ጁሊዮ ጋቢያኒና ባልደረቦቹ በሚድን ቁስል ውስጥ ግማሽ ፋይብሮብላስት፣ ግማሽ ጡንቻ የሚመስል ሴል አገኙ። ማዮፋይብሮብላስት አሉት። ፋይብሮብላስት ዙሪያው ሲጠጥርና ሲወጠር፣ ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባለው ኬሚካላዊ መልእክት ሲጨመርበት፣ ወደዚህ ይለወጣል። የቦሪስ ሂንዝ ቡድን በ2007 እንዳሳየው መልእክቱ ራሱ ኮላጅኑ ዙሪያ ታሽጎ ይቀመጣል፤ ሴሉ ሲጎትት ይለቀቃል። የጠጠረ አካባቢ ጉተታን ያመጣል። ጉተታው መልእክቱን ይፈታል። መልእክቱ ተጨማሪ ጉተታና ተጨማሪ ኮላጅን ያመጣል። ዙሪያው ይበልጥ ይጠጥራል።

መኮማተር በራሱ ጠላት አይደለም። ልል ቆዳ ላይ ቁስልን የሚዘጋው እሱ ነው። አይጥ በዋናነት እንደዚያ ነው የምትድነው። ለዚህም ነው ተመራማሪዎች የሰውን ቁስል ሊያስመስሉ ሲፈልጉ አይጧ ቁስል ዙሪያ ቀለበት የሚያጣብቁት። መገጣጠሚያ ላይ ሲሆን ግን መኮማተር ማለት የማይዘረጋ ክርን፣ ደረት ላይ የተጣበቀ አገጭ፣ እርሳስ የማይዝ እጅ ማለት ነው። ሕፃኑ የሚመቸው ጣቱን አጥፎ መያዝ ነው። ታጥፎ በቆየ ቁጥር ሴሎቹ ሥራቸውን እዚያው ርዝመት ላይ ይጨርሱታል፤ አዲሱ ኮላጅን አጥሮ ይሠራል።

እና ተቃርኖው? አለ፣ አልደብቀውም። ስፕሊንት ጠባሳውን ይወጥረዋል። የተወጠረ ማዮፋይብሮብላስት ደግሞ ቶሎ አይሞትም። ስፕሊንት ብቻውን መኮማተርን ምን ያህል እንደሚከላከል የሚያሳዩት ጥናቶችም ባለሙያው ከሚያምነው ያነሰ ጥንካሬ አላቸው። ግን ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል ጠቀለሏቸው። ትኩስ ስፌትን በየእንቅስቃሴው ወዲያና ወዲህ መጎተት አንድ ነገር ነው። ሴሎቹ ራሳቸው የሚያሳጥሩትን መገጣጠሚያ ባለበት ርዝመት መያዝ ሌላ ነው። ደረት ላይ ያለ ስፌት ቢያርፍ የሚጠፋ ነገር የለም። ቀለበት ጣት «አሳርፈው» ከተባለ የሚያርፈው ታጥፎ ነው። ጠባሳው ትንሽ ቢወፍርና እጁ ቢሠራ፣ ወይስ ቀጭን ሆኖ እጁ ቢታሰር? ይህን ማንኛዋንም እናት ብትጠይቁ መልሱን ታውቀዋለች።

በኃይል መጎተትስ? እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። «ቶሎ ይከፈት» ብሎ የሕፃን ጣት የሚያጎብጥ ሰው ቆዳውን ይቀደዋል፣ ቁጣውን ያድሰዋል፣ ጠባሳውንም ያባብሰዋል። ጭካኔ ያሉት ይህን ከሆነ ትክክል ናቸው። ስፕሊንት ግን እንደዚያ አይሠራም። በየጊዜው ይለካል፣ ጣቱ በተከፈተ ቁጥር እንደገና ይቀረጻል፣ ቀን ይፈታና ልጁ ይጫወታል። ጠባቡን ልብስ በተመለከተ ማስረጃው የተደባለቀ ነው። በሙቀት አገር መልበሱ ስቃይ መሆኑንም አውቃለሁ። የሲሊኮን ሽፋንም እንዲሁ፣ ለአንዱ ይሠራል፣ ለሌላው አይሠራም። እነዚህ ላይ ጸሐፊው ቢጠራጠሩ አልቀየማቸውም።

ኬሎይድ ቤተሰባችሁ ውስጥ ካለ፣ ቀዶ ሕክምና ከመግባታችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት። አቆራረጡን፣ አሰፋፉን፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ክትትል ይለውጣል። ኬሎይድን ቆርጦ ማውጣት ብቻውን አያዋጣም። የሕክምና መጻሕፍት ከ45 እስከ 100 በመቶ ተመልሶ እንደሚመጣ ይጠቅሳሉ። ለዚህም ነው ከመቁረጡ ጋር መርፌ፣ ጨረር ወይም ጆሮ ላይ የሚጫን ጉትቻ የሚታዘዘው። ቃጠሎ ከሆነ ደግሞ ፊዚዮቴራፒው ቁስሉ እስኪድን አይጠብቅም፤ አቀማመጡ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጀምራል።

ጸሐፊውን የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። የጂኑን ክፍል እንዳለ ይተዉት፣ ደህና ተጽፏል። የጆሮውንም ነጥብ ያቆዩት። በሌላው እየተጻጻፍን እንከራከራለን። ያቺን «ስፕሊንት ማሰር ጊዜ ማባከን ነው» የምትለዋን አንቀጽ ግን ያውጧት። እስካሁን ያነበቧት ሰዎች ውስጥ ልጁ የተቃጠለበት ወላጅ አይጠፋም።